ሦስት ተኩሶ የሚነክስ ጠመንጃ

ከሁሉ በፊት ስለ ጠመንጃ ምንም እንደማላውቅ ይታወቅልኝ። የእኔ ሙያ የፎቶ ኮፒና የማተሚያ ማሽን ጥገና ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ያለው መሥሪያ ቤታችን ስድስት ማሽኖች አሉት። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ታመው የተኙ ናቸው፤ አንዱ ወረቀት ያኝካል፤ ሦስቱ ደግሞ እኔ አጠገባቸው እስከቆምኩ ድረስ ይሠራሉ። ዞር ካልኩ ይቆማሉ። ከዚህ የተነሣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እጁ መድኃኒት ነው» ይለኛል። እኔም ሰው ደጋግሞ የሚለኝን ነገር ማመን አይከብደኝምና አምኜ ተቀምጫለሁ። አሁን የማወራላችሁ ጣጣ የመጣው ከዚሁ እምነት ነው።

እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ትዕግስት ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ልጅ ናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ወለደችልኝና ለአራስነቷ እናቷ ቤት ገባች። እኔ ሳምንቱን ሲቀላ ከማሽኖቼ ጋር ስታገል እሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ላንቴ እሄዳለሁ።

የባለቤቴ አባት ጋሽ ሶርሳ ይባላሉ። ሙዝ አምራች ናቸው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሚስታቸውም «እሱ» ናቸው፣ ፍየሏም «እሱ» ናት። የእኔን ጋሞኛ ለሰማ ሰው ግን የሳቸው አማርኛ የሊቅ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል። በነዚህ ሁለት ዓመታት ጋሽ ሶርሳ አንድም ቀን «እስቲ ያንን አቀብለኝ» ብለውኝ አያውቁም። ስደርስ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፣ ወንበር ይስባሉ፣ ሙዝ ያቀርባሉ፣ ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ይጠይቃሉ። ከዚያ ዝም። ውሃ ልቅዳ ብዬ ብድግ ካልኩ «ተቀመጥ፣ ይመጣልሃል» ነው። ክብር ደግ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን ወገብ ያማል።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ በአንዱ ቅዳሜ «ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» ሲሉኝ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳልሰማ እሺ አልኩ። ምን እንደሆነ የሰማሁት እሺ ካልኩ በኋላ ነው። ጠመንጃቸው ይነክሳል።

ለማያውቅ ሰው፣ ጠመንጃ ነከሰ የሚባለው ጥይቱ መሃል ላይ ተቀርቅሮ አልገባም አልወጣም ሲል ነው። የጋሽ ሶርሳ ጠመንጃ ከአባታቸው የወረሱት፣ ቀበሌ የተመዘገበ፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የለሰለሰ አሮጌ መሣሪያ ነው። አገር ቤት እንደማውቃቸው ጠመንጃዎች በጎኑ የሚሳብ ነገር የለውም። ከምላጩ ሥር ጣት የሚያስገባ የብረት ማቀባበያ አለው። እሱን ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ ሲያደርጉት የተተኮሰው ቀለህ ዘሎ ይወጣል፤ ጠመንጃው አዲሱን ጥይት ይጎርሳል። ሥራው ዝንጀሮ ማባረር ነው። ሙዙ ሲደርስ ዝንጀሮዎቹ ከጫካው ይወርዳሉ፤ ጋሽ ሶርሳ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ፤ ዝንጀሮዎቹ ይመለሳሉ። እንዲያ ነበር።

አሁን ግን ሦስት ይተኩስና ይነክሳል። ይህን ደግሞ ዝንጀሮዎቹ ደርሰውበታል። ጋሽ ሶርሳ ሲነግሩኝ የገበሬ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በዓይኔ አየሁት። አንደኛው ሲተኮስ መንጋው እየተንጫጫ ወደ አጥሩ ሮጠ። ሁለተኛው ሲተኮስ ዛፍ ላይ ወጣ። ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ማቀባበያው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀርና ጋሽ ሶርሳ በጉልበታቸው ደግፈው ሲታገሉት፣ ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ከዛፉ ወረደ፤ ሳይቸኩል፣ ከስብሰባ እንደወጣ የመምሪያ ኃላፊ ግራ ቀኝ እያየ ወደ ሙዙ ገባ።

መሬት የወደቁትን ቀለሆች አነሣሁ። ውጫቸው ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። የጠመንጃውን ሆድ ከፍቼ በጣቴ ብነካው ጣቴ ጠቆረ። የባሩድ ጥቀርሻ ነው። ይህን ሳይ ልቤ ሞቀ። ማተሚያ ማሽን ማለት ጥቁር ዱቄት ማለት ነው፤ የምኖረውም ያ ዱቄት የማይገባበት ገብቶ ሲያስቸግር እያወጣሁ ነው። ለጋሽ ሶርሳ ችግሩ የዘይት እጦት መሆኑን አስረዳኋቸው። ለመናገር ከአምስት ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ፤ እሳቸው ከጥግ እስከ ጥግ በአክብሮት ሰሙኝ።

ጥይቱን አውጥተን፣ ከቦርሳዬ የስፌት ማሽን ዘይት አወጣሁና አፈሰስኩበት። አላንጠባጠብኩም፤ አፈሰስኩ። ማቀባበያው እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ባዶውን ሃያ ጊዜ ያህል ገፋሁ መለስኩት፤ ድምፁ እንዴት ደስ እንደሚል። ጋሽ ሶርሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን የበላሁት እራት ተስማምቶኝ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ጋሽ ሶርሳ አንድ ተኮሱ። ሁለተኛው አልገባም፤ ነከሰ። ብከፍተው ዘይቱና ጥቀርሻው ተቦክተው ጥቁር ገንፎ ሠርተዋል። ሦስት ይተኩስ የነበረውን ጠመንጃ በአንድ ሌሊት ወደ አንድ አወረድኩት ማለት ነው። የባለቤቴ እናት፣ እማማ ዘነበች፣ በሚቀጥለው ሳምንት በስልክ እንደነገሩኝ ዝንጀሮዎቹ አዲሱን ቁጥር ለመልመድ ከሁለት ቀን በላይ አልፈጀባቸውም።

ሰው እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ይተዋል። እኔ በተከታዩ ቅዳሜ ሙሉ የመፍቻ ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ሰሌን አነጠፍን። ጠመንጃውን መፍታት ጀመርኩ። እያንዳንዱን ብሎን ስፈታ በስልኬ ፎቶ አነሣ ነበር፤ ኋላ ሳየው አብዛኛው ፎቶ የራሴ አውራ ጣት ነው። ትዕግስት ልጃችንን ታቅፋ በር ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ሶርሳ ከአጠገቤ ቁጢጥ ብለው አንድም ነገር ሳይናገሩ ያያሉ። ብረቶቹን አንድ በአንድ በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁ፣ በጨርቅ ወለወልኩ። እስከዚህ መልካም። ልገጥመው ስል ሰባት ብሎን ፈትቼ ሰሌኑ ላይ ስድስት አገኘሁ።

ፈለግን። ሰሌኑን አራገፍን። ትዕግስት ልጇን ለእናቷ ሰጥታ በአራስ ወገቧ ጎንበስ ብላ ፈለገች። በመጨረሻ እማማ ዘነበች ቅድም አንዲት ዶሮ ከሰሌኑ ጠርዝ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ስትለቅም እንዳዩ ተናገሩ። ሁላችንም ዞረን ዶሮዋን አየናት። እሷም አየችን። ለልጃችን ክርስትና ተብላ በበቆሎ የምትቀለብ ዶሮ ናት።

ጋሽ ሶርሳ ብዙ አሰቡ። ያለዚያች ብሎን ጠመንጃው ብረትና እንጨት ነው። ዶሮዋ ታረደች። እህል የምትፈጭበት ሆዷ ሲከፈት በቆሎ፣ አሸዋ፣ አንድ የተሰበረ ጨሌ ተገኘ። ብሎን የለም። ዶሮዋ ተሠርታ ቀረበች፤ ዓይናችንን ከትሪው ሳናነሣ በላን። ትዕግስት ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከምሳ በኋላ ዕቃዬን ልሰበስብ ካቻቢቴዬን ከቦርሳ ሳወጣ፣ ብሎኗ ጫፉ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። የማተሚያ ማሽን ካቻቢቴ ጫፉ ማግኔት ነው። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቀስ ብዬ ሰሌኑ ሥር ጥዬ «ይኸውላችሁ!» ማለት ነበር። ቀና ስል ግን እማማ ዘነበች በላዬ ቆመዋል።

«ተገኘ?» አሉኝ።

ተገኘ አልኳቸው።

«ዶሮዋስ?»

ጠመንጃውን ገጠምኩ። ተሞከረ። ሦስት ተኩሶ ነከሰ። ከሁለት ቅዳሜ ጥገና በኋላ መሣሪያውን ወደ ድሮ ሕመሙ መልሼዋለሁ።

የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው ስለ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የነገረኝ። ሃምሳ አለቃ በሠራዊት ቤት ዘመናቸውን መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ አሁን ጫሞ ሐይቅ ዳር ከጀልባ የሚወርደውን ዓሣ እየተቀበሉ ከተማ ይልካሉ። ደወልኩላቸው። ሁሉንም ከነዘይቱ ነገርኳቸው፤ ዶሮዋን ዘለልኳት። ጠመንጃውን እንዳላመጣ፣ የተተኮሱትን ቀለሆች ብቻ ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ቀለሆቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ቀለህ ሱሪ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሥራ ገባሁ። ማለት ልገባ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እንደምን አደሩ የምንባባለው የበር ጠባቂያችን በፍተሻ መሣሪያዋ ወገቤን ስትነካኝ መሣሪያው ጮኸ። አሥራ አንዱን ቀለህ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«የምንድነው?» አለች።

«የዝንጀሮ» አልኩ።

ከዚያ ያለውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። አስተዳደር ክፍል ገባሁ። ከላንቴ ጀምሬ አስረዳሁ። ኃላፊያችን በትዕግሥት ሰምተው፣ ጠመንጃው እስኪስተካከል የሁለተኛው ፎቅ ማተሚያ ማሽን ተስፋ እንዳለው ጠየቁኝ። ላንቴ ተደውሎ ጋሽ ሶርሳ ፈቃድ ያላቸው ሰው መሆናቸው በቀበሌው በኩል ሲረጋገጥ ምሳ ሰዓት ሆነ። ቀለሆቼን በፖስታ አሽገው መለሱልኝና የከሰዓቱን ፈቃድ ሰጥተው ሸኙኝ። ፈቃዱን አልጠየቅኩም፤ ቶሎ እንድርቅ የፈለጉ ይመስለኛል።

ሃምሳ አለቃ ደምሴን ያገኘኋቸው ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር አምባዛ የሚባለውን ዓሣ ሲበልቱ ነው። እጃቸውን ታጥበው ቀለሆቹን ድንጋይ ላይ አቆሟቸው። አንዱን አንሥተው ጎኑን በጥፍራቸው ፋቁ። ከዚያ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ። ደህና ጥይት ሲፈነዳ ቀለሁ ያብጥና ከተኛበት ቤት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጭሱ መመለሻ አጥቶ በአፈሙዙ ይወጣል። ባሩዱ የደከመ እንደሆነ ቀለሁ አያብጥም፤ ጭሱና ያልነደደው ባሩድ በጎኑ አልፎ ወደ ኋላ፣ ወደ መሣሪያው ሆድ ይገባል። የቀለሁ ውጪ የጠቆረውም ለዚህ ነው። ሦስት ጥይት ሆዱን ለመሙላት በቂ ነው። ዘይት ሲጨመርበት አንድም ይበቃል።

«ጠመንጃው ጤነኛ ነው» አሉኝ። «በሽተኛው ጥይቱ ነው። ከየት የመጣ ነው?»

እኔ እንጃ ልል አፌን ከፈትኩና እንደከፈትኩ ቀረሁ። የሠርጋችን ቀን ትዝ አለኝ። አጎቴ ጋሽ ይርጋ ከጎጃም ድረስ መጥተው፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ብድግ ብለው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ጋሽ ሶርሳ ጉልበት ላይ አስቀመጡ። ሠላሳ ጥይት። በኛ አገር ለአማት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ከሠርጉ በፊት ስልክ ደውለው በጋሽ ሶርሳ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስነብበውኝ ነበር፤ በዚያ ቁጥር ስንት አገር አስሰው እንዳገኙት ተናገሩ። ከጎተራ ሥር ሲቀመጥ ሙሽራው ገና አልተወለደም ነበር አሉ፤ ዕድሜውን እንደ ማዕረግ ነበር የቆጠሩት። ድንኳኑ አጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ይህን ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው አልሳቁም። የደከመ ባሩድ ከመንከስ የባሰ ነገር እንዳለው ነገሩኝ። አንድ ቀን ከዚህም ይደክምና ከጥይቱ ጫፍ የሚወነጨፈውን እርሳስ ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል፤ እርሳሱ አፈሙዙ መሃል ይቀራል። ተኳሹ አያውቅም፤ የሚቀጥለውን ይተኩሳል። መንገዱ ዝግ ነው። ብረቱ ፊቱ ላይ ይፈነዳል።

«ዛሬውኑ ይቁም» አሉ። «ነገ አትበል።»

ትዕግስት ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ላንቴ ከትናንት ጀምሮ መብራት እንደሌለ አስታወስኩ። የእማማ ዘነበችም ዝግ ነው፤ ጠዋት የተደወለለት ቀበሌም አያነሣም። ያን ያህል ጊዜ ሰዓቴን ተመልክቼ አላውቅም፤ ዝንጀሮዎቹ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳሉ። ባጃጁን ሾፌሩ እስኪቆጣ ድረስ አስቸኮልኩት። ሲቀላን፣ ገበያውን፣ ሙዝ የሚጭኑትን አይሱዙዎች አልፈን የላንቴ መታጠፊያ ስንደርስ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ወረድኩና ሮጥኩ። ሁለተኛውን ሰማሁ። ሦስተኛውን ስጠብቅ የሮጥኩትን ሩጫ በሕይወቴ አልሮጥኩም፤ ጫማዬ አንዱ ቦይ ውስጥ ቀርቷል።

ጋሽ ሶርሳ ሙዙ መሃል ቆመው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ደግነዋል። ጮኼ ጠራኋቸው። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ትዕግስት ኋላ ስትነግረኝ በስማቸው ብቻ፣ ያለ ጋሼ፣ እንደ እኩያዬ ነው የጠራኋቸው። ጠመንጃውን አወረዱ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ፣ በአንድ ጫማ ቆሜ፣ የአፈሙዙን ነገር ነገርኳቸው። ጥይቱን አውጥተው፣ ከፍተው፣ በአፈሙዙ በኩል ብርሃን አሳዩኝ። ክፍት ነው። ሁለታችንም ተቀመጥን።

ቀሪውን መናገር ከሩጫው ከበደኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «የሚነክሰው ጠመንጃው አይደለም። እኛ ያመጣነው ጥይት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያውቁ ነበር። የራሳቸው ጥይት በቆርቆሮ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፤ እሱ አይነክስም። ታዲያ ለምን የኛን ይተኩሳሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። አማች ያመጣው ስጦታ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከተቀመጠ ሰው ምን ይላል? የሰጪው ዘመድ አንድ ቀን መጥቶ ሳይነካ ቢያገኘው? ለእኔ አለመንገራቸው ደግሞ ስጦታ ስለማይወቀስ ነው። እማማ ዘነበች ግን ሙዙ አለቀ ብለው አላስቀምጥ ሲሏቸው አንድ ዘዴ አሰቡ።

«የተማረ ሰው ነው፣ ከፍቶ ያያል፣ ራሱ ይገባዋል አልኩ» አሉኝ። ከዚያ ጨመሩበት፤ «አንተ ዘይት አመጣህ።»

አደገኛ መሆኑን ግን አላወቁም ነበር። ይህን ሲሰሙ ጠመንጃውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ ቤቱ፣ ልጃችን ወደተኛችበት ክፍል አዩ።

የተረፉት ዘጠኝ ጥይቶች ነገ ለቀበሌው የጸጥታ ሰዎች እንዲሰጡ ተስማማን። ከዚያ ሃምሳ አለቃ እንዳዘዙት የፈላ ውሃና ሳሙና በሳፋ ቀረበ። ብረቶቹን ፈትቼ በሳሙና አጠብኩ፣ በፈላ ውሃ አለቀለቅሁ፣ በጨርቅ አደረቅሁ፤ ዘይቱን በጨርቅ ጫፍ ነካ ነካ ብቻ አደረግሁ። ጋሽ ሶርሳ በዚህ ሁሉ መሃል ያዝ፣ አዙር፣ እንደሱ አይደለም፣ ዓይንህ የት ነው ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜም እጄን መቱኝ። ብሎኖቹን እሳቸው በባርኔጣቸው ይዘው እየቆጠሩ ሰጡኝ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ከቆርቆሮው አራት ጥይት ጎረሰ። ዝንጀሮዎቹ አልሄዱም ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተተኮሰ። ትልቁ ወንድ እንደ ልማዱ ከዛፉ ወርዶ መራመድ ጀመረ። አራተኛው ሲተኮስ ያ ሁሉ ክብሩ የት እንደገባ አላውቅም፤ እየተንከባለለ አጥሩን ሲያልፍ የራሱን ሚስቶች ቀድሟል።

መብራት መጥቶ የትዕግስት ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የደወሉት አጎቴ ጋሽ ይርጋ ናቸው። እጄን ከጥቀርሻው እየታጠብኩ ስለነበር ትዕግስት ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታ ያዘችልኝ። ለክርስትናው እንደሚመጡ ነገሩኝ። ከዚያው ጎተራ ሌላ ሃያ ጥይት ማግኘታቸውንና ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ። ጋሽ ሶርሳ አትናገር የሚል ምልክት በእጃቸው አሳዩኝ። ስጦታ ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን ያን ያህል ሮጬ ነበርና ተናገርኩ። ጥይቱ ይነክሳል፣ አደገኛም ነው፣ እባክዎ አያምጡት አልኩ።

አጎቴ አልደነገጡም።

«መንከሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ዘንድም ይነክስ ነበር። ለዝንጀሮ ምን አነሰው ብዬ ነው።»

ጋሽ ሶርሳ ሲስቁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ስልኩን ከትዕግስት እጅ ወሰዱና ከአጎቴ ጋር ማውራት ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት አወሩ። አንዱ የጎጃም፣ አንዱ የጋሞ አማርኛ ቢሆንም ሲግባቡ እሰማ ነበር። አብዛኛው ስለ ዘይቱ ነው።

እኔ «ተቀመጥ» የሚለኝ ሳይኖር የጠቆረውን ውሃ ከአጥሩ ውጪ ደፋሁና ሳፋውን አጥቤ ደፍቼ አስቀመጥኩ።